ሠላሳ ሁለት ቁልፍ

የእትዬ መጽሐፍ አሥራ ዘጠነኛ ምዕራፉ ጎድሎ ነበር። ያጎደልኩት እኔ ነኝ፤ በመቀስ።

እትዬ ታላቅ እህቴ ናት። ፍርድ ቤት ታይፒስት ነበረች። የሰው ክስና ይግባኝ ስትተይብ ትውልና በምሳ ሰዓት የራሷን ወረቀት ታስገባለች። አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ እያደረገች አንድ የፍቅር ልብ ወለድ ጻፈች። ከመቶ ዓመት በፊት የኖሩ፣ የአንዲት ባሏ የሞተባት ሴትና የአንድ ጀልባ ቀዛፊ ታሪክ ነው። እሷ ራሷ ትዳር አልያዘችም።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ለቲያትር ቤት የድሮ ዘመን ልብስ ስለምሰፋ የልብሱን ነገር የምትጠይቀው እኔን ነበር። ስለቀጠንኩም፣ አፌ ስለሚወጋም፣ «መርፌ» ትለኛለች።

«መርፌ፣ በዚያ ዘመን ቀሚስ ኪስ ነበረው?»

«አልነበረውም። ኪሱ ለብቻው ተሰፍቶ ከቀሚሱ ሥር ወገብ ላይ ይታሰራል።»

«እንግዲያው ደብዳቤውን በምን ታውጣው?»

«ቀሚሷን ገልባ ነዋ።»

«ቀዛፊው ፊት?»

«ካፈረች ዘወር በል ትበለው።»

ጽፋው ነበር። ዘወር ይላል፤ ግን የወንዙ ውሃ ላይ ጥላዋን ያያል። እንዲህ ያለ ነገር ከየት እንደምታመጣው እንጃ።

አሥራ ዘጠነኛውን ምዕራፍ ያነበበችልኝ አንድ ዝናባማ ከሰዓት በኋላ ነው። ለአንድ ወታደር ካፖርት ስፒል በከንፈሬ ይዤ እገጣጥም ነበር። ጎርፉ መንገዱን ዘግቶት፣ ሴትዮዋና ቀዛፊው ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ክፍል ውስጥ ብቻቸውን የሚሆኑበት ምዕራፍ ነው። እትዬ ስታነብ ድምጿ ቀጠነ። ወረቀቱን ፊቷ ድረስ አነሣችው። «ቀሚሷ እንደ ውሃ ከትከሻዋ ወረደ» ስትል ስፒሉን ከአፌ አወጣሁ።

«እትዬ ሙች፣ ያ ቀሚስ እንደ ውሃ አይወርድም። ከጀርባው ሠላሳ ሁለት ቁልፍ አለው፣ እያንዳንዱ በክር ቀለበት የተያዘ። ሰውዬው በዚያ በቆረፈደ ጣቱ ፈትቶ ሳይጨርስ ጎርፉ ይጎድላል።»

ሳቅሁ። እሷም ከኔ ዘግይታ ሳቀች።

«ለመሆኑ አንቺ ስንት ጊዜ አስፈታሽ?» አለችኝ።

«እኔ ባለ ዚፕ ነኝ።»

ወረቀቶቹን አስተካክላ አጠፈቻቸውና ጠረጴዛዬ ጥግ አስቀመጠቻቸው። «ለንድፍ ይሁኑሽ» አለችኝ። ሲተየብ የተበላሸ ወረቀት ሁሉ ለኔ ነበር የሚመጣው፤ እሱን እያጣበቅሁ የልብስ ንድፍ እቆርጥበታለሁ። አሻሽላ የምትጽፈው መሰለኝ። በማግስቱ የካፖርቱን እጅጌና ኮሌታ በነዚያ ወረቀቶች ቆረጥኩ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። ሃያኛውን ጻፈች፣ እስከ መጨረሻውም ጻፈች፤ አሥራ ዘጠነኛውን ግን መልሳ አልነካችውም። ስጠይቃት «እያጣራሁ ነው» ትለኛለች። በኋላ ታመመች። አምስት ወር ተኛች። ከዚያ ሞተች።

የአሳታሚ ቤቱ አርታኢ ቤቴ የመጣችው እትዬ በሞተች በሁለተኛው ወር ነው። በዕድሜ ልጄ የምትሆን፣ ጫማዋን በር ላይ ካላወለቅሁ ብላ የምታስቸግር ትሁት ሴት ናት።

«መጽሐፉን ወደነዋል» አለችኝ። «ግን አሥራ ዘጠኝ የለም። አሥራ ስምንት ላይ ሴትዮዋ እጁን እንኳን አልነካችም፤ ሃያ ላይ አርግዛለች።»

«ዝም ብላችሁ ብታወጡትስ?»

«ሰዉ አሥራ ስምንት ምዕራፍ ሙሉ የሚጠብቀው እኮ እሱን ነው። አለቆቼ ያለ እሱ አናወጣውም ብለዋል። እርስዎ ይሞክሩት። አነጋገሯን ከርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም። እስከ ወሩ መጨረሻ እንጠብቃለን።»

ሞከርኩ። የእህቴ አሥራ አንድ ዓመት በኔ ሳቅ ምክንያት መሳቢያ ውስጥ ሊቀር ነው። ስለዚህ በማውቀው በኩል ገባሁ። ከቲያትር ቤቱ የዚያን ዘመን ቀሚስ አስመጥቼ ልብስ የምለካበትን የእንጨት ገላ አለበስኩት። ሠላሳ ሁለቱን ቁልፍ አንድ በአንድ ፈታሁ፣ ቆለፍኩ፣ እንደገና ፈታሁ። የትኛው እንደሚያስቸግር፣ ክሩ የት ላይ እንደሚይዝ፣ ሁሉንም ጻፍኩ። አንድ ስህተት የለበትም።

አርታኢዋ መቁረጫ ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆማ አነበበችው። ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«ቁልፉ ሁሉ ልክ ነው» አለች።

«ግን?»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ። ይሄ ሰው የሚመኛትን ሴት ልብስ የሚያወልቅ አይመስልም። የታመመ ሰው ልብስ ነው የሚያወልቀው። ‹እንዳያማት ክንዷን ቀስ ብሎ ከእጅጌው አወጣው› ይላል። ለምንድነው የሚያማት?»

አምስት ወር ሙሉ የእትዬን የሌሊት ልብስ ያወለቅሁት እንደዚያ ነበር። መጀመሪያ የማያማትን ክንድ፣ ከዚያ አንገቷን ደግፌ፣ ከዚያ ያኛውን። እጄ ከዚያ ወዲህ ሌላ ማውለቅ አያውቅም።

አርታኢዋ ስትሄድ ከበሩ ጀርባ ሚስማር ላይ የተንጠለጠለውን የንድፍ እስር አወረድኩ። የወታደሩን ካፖርት አገኘሁት። የፊት እጅጌ፣ የኋላ እጅጌ፣ ኮሌታ። ገልብጬ ጠረጴዛው ላይ በስፒል ሰካኋቸው። ብብቱ ጋ መቀሴ ጎድጎድ አድርጎ የበላው ጠፍቷል፤ ሌላው አለ።

ኮሌታው ላይ፦ «እጁ ሻካራ ነውና እንዳይጎዳት ሰበሰበው። እሷ ግን ወስዳ ጉንጯ ላይ አደረገችው።»

እጅጌው ላይ፦ «ቀሚሷ እንደ ውሃ ከትከሻዋ ወረደ። ወንዙን ዕድሜውን ሙሉ ቀዝፎታል፤ ጥልቀቱን የፈራው ግን ያን ቀን ነው።»

ስፒል ከከንፈሬ አውጥቼ ያቋረጥኳት እዚህ ጋ ነበር። ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር አልሰማሁትም።

የጎደለውን ለመሙላት ሌሎቹን ምዕራፎች ሳገላብጥ ሦስተኛው ላይ ደረስኩ። አገልጋይዋ ሴትዮዋን ስታለብስ፦ «ሠላሳ ሁለት ቁልፍ፣ እንደ ሠላሳ ሁለት ዘበኛ» ብላ ጽፋለች። ቁጥሩን የነገርኳት እኔ ነበርኩ፣ ከስንት ዓመት በፊት። ረስቼዋለሁ። እሷ አልረሳችም። አውቃ ነው የተወችው፤ ለዚያች አንዲት ሰዓት ዘበኞቹን አሰናብታ። እኔ መልሼ አቆምኳቸው።

የራሴን ጽሑፍ ቀደድኩት። ብብቱ የበላባትን ቦታ ብቻ ሞላሁ፤ መስኮት ዘጋሁ፣ የዝናብ ድምፅ አስገባሁ። ሰዎቹን ግን አልነካሁም።

አርታኢዋ ስታነበው ጆሮዋ ቀላ። ቀጥላ ግን ሥራዋን ሠራች።

«ሦስት ላይ ሠላሳ ሁለት ቁልፍ አለ። እዚህ የት ገቡ? አንባቢ ይይዘናል።»

«ይያዘን።»

«የሷ ስህተት ነው የሚመስለው።»

«እንዳይመስል መጨረሻው ገጽ ላይ ጻፉ። አልባሳቱን ያጣራችው ልብስ ሰፊዋ ናት በሉ።»

መጽሐፉ ወጣ። ከሦስት ወር በኋላ ከአንድ ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር ደብዳቤ ደረሰኝ። የእጅ ጽሑፋቸው ያምራል። ቁልፎቹን ቆጥረዋቸዋል፤ እንዲህ የተጠነቀቀች ደራሲ እዚያ ላይ መሰናከሏ እንዳሳዘናቸው ይገልጻሉ።

የዚያኑ ቀን መለስኩላቸው። «ልክ ነዎት፣ ጋሼ። ደራሲዋ ታውቅ ነበር። ያበላሸሁት እኔ ነኝ።»

ከዚያ ወዲህ አልጻፉልኝም። ንድፉ አሁንም ጠረጴዛዬ ላይ እንደተሰካ ነው፤ ጨርቅ የምቆርጠው መሬት ላይ ተንበርክኬ ነው።