የዳቦ ጋጋሪው ፊት

በፓኪስታኗ ፔሻዋር ስም መቀየር ቀላል ነው፤ ፊትን ግን ማን ይቀይራል? ሸምሮዝ ከስድስት ዓመት በፊት በመሬት ጠብ የጎረቤቱን ልጅ ገደለ። ከተራራው መንደሩ ወርዶ፣ ጉልዳር ነኝ ብሎ፣ በወፍ ገበያው መግቢያ ዳቦ እየጋገረ ይኖራል። ሟቹ ደም የሚመልሱ ሦስት ወንድሞች አሉት። የቸገራቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያለበትን አያውቁም።

የዚያን ቀን ጠዋት ፊታቸውን የሸፈኑ ሴቶች ዳቦ ሊገዙ ተሰልፈዋል። ሸምሮዝ ከምድጃው ቀና ሲል ካሜራ ተደግኖበታል። ካሜራው ቀጭ አለ። የያዘው ከላሆር የመጣ ቀጭን ሰውዬ ነው፤ አላስፈቀደም፤ ጭራሽ ፈገግ አለለት።

«አጥፋው» አለ ሸምሮዝ።

«ላላ፣ ታላቅ ወንድሜ፣ እንዴት ያለ ፊት መሰለህ! ጋዜጣ ላይ ነው የሚወጣው።»

ሸምሮዝ ጋዜጣ ሲባል ሰማይ ምድሩ ዞረበት። የዳቦ ማውጫውን የብረት ሜንጦ ይዞ ዘለለና የሰውዬውን ክንድ ሰበረው። የወደቀውን ካሜራ እስኪደቅ ቀጠቀጠው።

እዚህ ላይ ቢያበቃ መልካም ነበር። ግን ማዶ ያለው መርጃን የሚባል ሥጋ ሻጭ የሴቶቹን ሰልፍ አየና የመሰለውን ደመደመ። «ሴቶቻችንን ነው የምታነሳው፣ አንተ ውሻ?» ብሎ በቡጢ አፉን አለው። ገበያው እንዲህ ያለ ነገር ሲሰማ አያጣራም። አንዱ በጫማው፣ አንዱ በሚዛን ድንጋይ ወረደበት፤ ለምን እንደሚመታ ያላወቀውም ለመምታት ተሻማ። የሰውዬው ጥርስ መሬት ላይ ተበተነ።

ሸምሮዝ ዝም ቢል የሚጠይቀው የለም፤ እንዲያውም ለሴቶቹ ክብር የተነሣ ወንድ ይባላል። ይህ ሐሳብ ለአፍታ ደስ አሰኘው፤ ወዲያው አፈረ። መርጃን ከሱቁ መጥረቢያውን ይዞ ሲመለስ አየ። የአንድ ሰው ነፍስ ስድስት ዓመት እንቅልፍ ነስታዋለች፤ ሁለተኛ ነፍስ ሊሸከም አይችልም።

ሄዶ በሰውዬው ላይ ተደፋ። ማን እንደሆነ እስኪያውቁ ጀርባውን በእርግጫ ጠለዙት።

«ላላ ጉልዳር፣ ተነስ እንጂ፤ ላንተው ብለን ነው» አለ መርጃን።

«ሴት አይደለም ያነሳው። እኔን ነው።»

«አንተን? ሙሽራ ነህ?» ጥቂቶች ሳቁ። «ታዲያ ለፎቶ ክንድ ይሰበራል? ምንድነው የምትፈራው?»

መርጃን ጠይቆ ሳይጨርስ መልሱን ራሱ አገኘው። ወንድ ልጅ ፊቱን ለምን እንደሚደብቅ እዚያ አገር የማያውቅ የለም። መጥረቢያውን ዝቅ አደረገ።

«ደመኛ አለህ?»

«አለኝ።»

ከኋላ የቆመ አንዱ ፎቶ ሊያነሣው ስልኩን ደገነበት። ቀጥሎ ሌላው፣ ቀጥሎ ሁሉም። የላሆሩ ሰውዬ በተሰበረ አፉ «ተዉ፣ አታንሱት» እያለ በደህና እጁ የሸምሮዝን ፊት ሊሸፍን ሞከረ። አንድ እጅ አልበቃም።

የሟቹ ወንድሞች የመጡት ሐሙስ ነው። ጋጋሪው የትኛው ነው ብለው ማንንም አልጠየቁም።