የማይታጠፈው ሸራ

የጨርቅ መረጣ ንዑስ ኮሚቴ ሲቋቋም ከአባላቱ መካከል የመርከብ ሸራ በዓይኑ ያየ አንድም ሰው አልነበረም። ይህ እንደ ጉድለት አልተቆጠረም። ሰብሳቢው አቶ ደግሰው ከዚያ በፊት የዶሮ ዝርያ መረጣ ኮሚቴን በብቃት የመሩ ሰው ናቸው፤ ዶሮዎቹ ማለቃቸው ሌላ ጉዳይ ነው። እኔ የተመረጥኩት ፊዚክስ ስለማስተምር መሆኑ በቃለ ጉባኤ ተይዟል። ስብሰባ ላይ ግን የምጠራው “የኢንጂነሩ ባለቤት” ተብዬ ነበር።

ኢንጂነሩ መልአኩ ነው። ከገነተ ማርያም በላይ ባለው ተረተር ላይ በነፋስ የሚሠራ የውሃ ፓምፕ የተከለው እሱ ነው። የብረት ማማ፣ በማማው ራስ ላይ እንደ ጋሪ ጎማ የተዘረጉ ስምንት ክንዶች፣ በየክንዱ ሦስት ማዕዘን ሸራ። ነፋሱ ሸራውን ሲገፋ ክንዶቹ ይዞራሉ፤ ፓምፑም ከጥልቁ ጉድጓድ ውሃ ያወጣል። ሥራው ሳያልቅ ጋሸና መታጠፊያ ላይ መኪናው ተገለበጠ። የቀረውን ሌሎች ጨረሱትና በክንዶቹ ላይ የጭነት መኪና ሸራ ሰቀሉበት። የመኪና ሸራ ጠንካራ ነው። ክረምት ሲገባ ግን ዝናቡን ጠጥቶ ከበደ፤ ፓምፑም ቀጥ አለ። ውሃ እንዲያወጣ የተሰቀለው ራሱ ጠጣው ብዬ ነበር፤ ማንም አልሳቀም።

የሚሊኒየሙ ዓመት ነበር። የክልል እንግዶች ለገና ላሊበላ ሲመጡ ፓምፑንም እንደሚጎበኙ ተነገረን። ካልዞረ ማማው ይፈታና ብረቱ ሙጃ ከተማ ለሚሠራ የስብሰባ አዳራሽ ይውላል። የመንደሩ ሴቶች ጀሪካን አዝለው ገደል መውረዳቸውን ይቀጥላሉ። ስለ ውሃ እጥረቱ ለመወያየት ሙጃ ድረስ ከሄዱ ግን ጥሩ አዳራሽ ያገኛሉ። ማማው እንዲፈታ አልፈለግሁም። ለምን እንደሆነ ለኮሚቴው አላስረዳሁም።

ጠረጴዛው ላይ ሦስት ናሙና ተዘረጋ፦ አቡጀዲ፣ የመኪና ሸራ፣ እና አንድ ረጂ ድርጅት የላከው የተነባበረ ጨርቅ። አቶ ደግሰው የመጨረሻውን በሁለት ጣታቸው አነሱት።

“ይሄማ ወረቀት ነው። ክብደት የለውም።”

“በሁለት ስስ ጨርቆች መሃል ፕላስቲክ ተጣብቆበት ነው” አልኩ። “ክብደቱ የሸራውን ሩብ አይሞላም። ውሃ አይጠጣም፣ ሲጎተት አይለጠጥም። በትንሽ ነፋስም ይዞራል።”

“ጠንካራ ነገር ይከብዳል። ይሄ የታወቀ ነው።”

“የሸረሪት ድር አይከብድም፣ አቶ ደግሰው።”

የአገር ሽማግሌዎችን ወክለው የመጡት መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል እስከዚያ አንቀላፍተው ነበር። ዓይናቸውን ገለጡ።

“እንከን የለውም በይኛ?”

“አለው፣ የኔታ። መታጠፍና መታሸት አይችልም። ንብብሩ ይላቀቃል። ተጠቅልሎ ነው የሚቀመጠው።”

“እንደ ሰብሳቢያችን ነዋ። እሳቸውም መነካት አይወዱም።”

“የኔታ፣ ከአጀንዳው አንውጣ” አሉ አቶ ደግሰው።

የሴቶች ጉዳይ ኃላፊዋ ወይዘሮ ሙሉሃብት ናሙናውን ወደ መስኮቱ አንስታ አየችው። “ነጭ ነው” አለች። “ለቴሌቪዥን ያምራል።”

በዚህ ነጥብ ላይ ሙሉ ስምምነት ተደረሰ። የእኔ ፊዚክስ “ተጨማሪ ሐሳብ” ተብሎ ተመዘገበ። መታጠፍ አይችልም ያልኩት ግን የትኛው አጀንዳ ሥር እንደሚገባ ስላልታወቀ ሳይመዘገብ ቀረ።

ጨርቁ መጣ። ልብስ ሰፊው አረጋ በደንብ ሰፋው፤ ጠቅልለህ አስቀምጥ ብዬው ጠቅልሎ አስቀመጠ። እኔም ፈተና ላርም ወደ ትምህርት ቤቴ ተመለስኩ። አንድ ነገር ግን ዘንግቼ ነበር። ገና ሲቃረብ በላስታ ነጭ የሆነ ነገር ሁሉ ወንዝ ይወርዳል። ነጠላው፣ ጋቢው፣ የካህናቱ ቀሚስና ጥምጥም በእንዶድ አረፋ ይረገጣል። ሙሉሃብት ሸራዎቹ ላይ የአረጋን የስፌት መኪና ቅባት አየች። ለገና ይህን የመሰለ እድፍ ለእንግዳ አይቀርብም። የሴቶች ማኅበሩን አስተባብራ ሸራዎቹን ወንዝ አወረደቻቸው። ረገጧቸው፣ ድንጋይ ላይ መቷቸው፣ ጫፍና ጫፍ ይዘው ጠመዘዟቸው፣ ቁጥቋጦ ላይ አሰጧቸው። ሲደርቁም ጠርዝ ከጠርዝ ገጥመው አጥፈው፣ በራሳቸው ተሸክመው ተረተሩ ላይ አወጧቸው። በዚያ ወንዝ እንደዚያ በፍቅር የታጠበ ነገር ያለ አይመስለኝም።

እኔ የደረስኩት በጉብኝቱ ዋዜማ ጠዋት፣ ተሰቅለው ሳለ ነው። ከሩቅ ሲታዩ በእውነት ነጭ ነበሩ። ነፋሱ ሲመጣ ተነፉ፤ ከዚያ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተላቀቁ። ጨርቁ በአንድ ወገን፣ ፕላስቲኩ በሌላ ወገን እየተርገበገበ ተቀደደ። ክንዶቹ ትንሽ ዞር ብለው ቆሙ።

“ጨርቁ የጥራት ችግር አለበት” አሉ አቶ ደግሰው። “ማን እንደመረጠው በግምገማ ይታያል።”

“ማን እንዳጠበውስ?” አሉ መሪጌታ።

“ማጠብ የሕዝብ ተሳትፎ ነው፣ የኔታ።”

ሙሉሃብት ወደ እኔ መጣች። እጇ እንዶድ እንዶድ ይሸታል። “ቲቸር ሰብሌ” አለች ቀስ ብላ። “እሱ የተከለው ነገር ቆሽሾ እንዳይታይ ብዬ ነው።”

ሳልቆጣት ወደ ቤቴ ወረድኩ።

ቤቴ ቁም ሣጥን ላይ አንድ ጥቅል ነበር። መልአኩ ጅቡቲ ወደብ ከሚሠራ ጓደኛው ያስመጣው፣ ያው የተነባበረ ጨርቅ ነው። አቧራ እንዳይነካው ብሎ ከአልጋችን ላይ አንሶላ ገፎ ጠቀለለው፤ በማግስቱ ለሥራ እንደወጣ በዚያው ቀረ። እኔ አቧራውን ከላይ ከላይ እጠርግ ነበር እንጂ አውርጄው አላውቅም። ኮሚቴው ቤትሽ ጨርቅ አለ ወይ ብሎ አልጠየቀኝም፤ እኔም ያልተጠየቅሁትን አልመለስኩም። ለአራት ክንድ ብቻ ነው የሚበቃው። አራት ክንድ ደግሞ ትይዩ ትይዩ ከለበሰ ሚዛኑን አይስትም፤ ይህን ለዘጠነኛ ክፍል ተማሪም አስረዳለሁ።

ወንበር ላይ ቆሜ አወረድኩት። አንሶላውን ፈትቼ አልጋው ላይ ተውኩትና ጥቅሉን ለአረጋ ወሰድኩለት። አረጋ በጠመኔ አሰመረና መቀሱን ይዞ ቀና አለ።

“ልቁረጠው?”

“ቁረጠው” አልኩ። የጨርቁንም አንድ ጫፍ ያዝኩለት።

በማግስቱ እንግዶቹ መጡ። ክንዶቹ ቀስ ብለው ጀመሩ፣ ከዚያ ተያያዙት። ቧንቧው መጀመሪያ ቀይ፣ ቀጥሎ ጥሩ ውሃ ተፋ። አንዱ እንግዳ ባዶዎቹ አራት ክንዶች ለምንድን ናቸው ሲል ጠየቀ።

“ለወደፊት ማስፋፊያ የተያዙ ናቸው” አሉ አቶ ደግሰው፣ ሳያስቡ። እንግዳው ራሱን ነቀነቀ፤ ካሜራውም ባዶዎቹን ክንዶች ለብቻ ቀረጸ።

መሪጌታ በመቋሚያቸው ተደግፈው አጠገቤ ቆሙ። “ሰብልዬ፣ ይሄስ ጨርቅ ከወዴት መጣ?”

“ከቤት ነው፣ የኔታ።”

ቀና ብለው ክንዶቹን አዩ። “ነፍሱን ይማረው” አሉ።

ገና ካለፈ በኋላ አንሶላውን በብብቴ ይዤ ተረተሩ ላይ ወጣሁ። የውሃ አጠቃቀም ኮሚቴ ገና እየተቋቋመ ስለነበር ሴቶቹ ያለ መመሪያ ይጠቀሙ ነበር። ሙሉሃብት ከገንዳው ዝቅ ብላ ሳፋ ውስጥ ጋቢ ትረግጣለች። ስታየኝ እግሯን ከአረፋው አወጣችና ሁለት እጇን ወደ ኋላ አደረገች።

“ቲቸር” አለች፣ አንሶላውን በዓይኗ እያሳየችኝ፣ “ይሄስ ይታጠባል?”

መልአኩ ከአልጋችን ላይ ከገፈፈው ቀን ወዲህ ታጥቦ አያውቅም ነበር። ከበላያችን ክንዶቹ ይዞራሉ፣ ቧንቧው ይንዶለዶላል።

“ይታጠባል” አልኳት፤ ጫማዬንም አወለቅሁ።