ተነስቶ መቀበል

ሲስተር ሰሎሜ ፋሻውን ስትፈታ ዛሬም ትኩስ ደም አየች። ቁስሉ ከአቶ ተክለጻድቅ ውስጥ እግር፣ ከአውራ ጣታቸው ሥር ነው። ሦስት ወር ሙሉ ሰቶ ሰመሮ ሰፈር፣ ቤታቸው ድረስ እየተመላለሰች አጥባዋለች፤ ሊገጥም ሲል ተመልሶ ይቀደዳል። ወደ እግራቸው የሚወርደው ደም አንሷል። ሐኪሙም እስከ ፋሲካ ካልዳነ እግሩ ይቆረጣል ብሏል።

"አባባ፣ ረግጠውበታል አይደል?"

"እኔ? ከዚህች ወንበር ንቅንቅ አላልኩም። ጣይቱን ጠይቂያት።"

ባለቤታቸው ወይዘሮ ጣይቱ ሽንት ቤት እንኳ በክራንች እንደሚሄዱ መሰከሩላቸው። ሰሎሜ ቁስሉን አጥባ አዲሱን ፋሻ መጠቅለል ጀመረች። ግማሽ ሳትደርስ ጎረቤታቸው አብተው ብርቱካን ይዞ ገባ።

"ኖር" ብለው አቶ ተክለጻድቅ ብድግ አሉ፤ በሁለት እግራቸው። ፋሻው ከሰሎሜ እጅ አምልጦ ወለሉ ላይ ተተረተረ። መሳቅም ማልቀስም አማራት።

"በቀን ስንት ጠያቂ ይመጣል?" አለች፣ አብተው ሲወጣ።

"ምኑ ይቆጠራል" አሉ ወይዘሮ ጣይቱ። "ሠላሳ ዓመት ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት የሠራ ሰው፣ ግማሹ ጅማ ያውቀዋል።"

"ለሁሉም ይነሳሉ?"

"ታዲያ ሰው ሲገባ ተጎልቼ ልቅር?" አሉ አቶ ተክለጻድቅ፣ ከልባቸው ደንግጠው።

"አባባ፣ የሚወድዎት ሰው በመጣ ቁጥር ቁስሉን ይቀድዱታል። እኔ ይህ እግር ሲቆረጥ ማየት አልችልም።"

ድምጿ ተሰበረ። አሥራ አንድ ዓመት ስትሠራ በበሽተኛ ፊት አልቅሳ አታውቅም ነበር። ሽማግሌው እጃቸውን ራሷ ላይ አሳረፉ፤ ቃል ግን አልሰጧትም። እሷም ፋሻ ልትቀይር ቦርሳዋን ከፈተች።

ይሄኔ ደጅ ላይ ባጃጅ ቆመ። ሐጂ ቲጃኒ ከደዶ መጥተው ኖሯል። አቶ ተክለጻድቅ በጉርምስናቸው ደዶ ለሥራ ተመድበው ተስቦ ሲጥላቸው፣ አንድ ወር ቤታቸው አስተኝተው ያስታመሟቸው እኚህ ሰው ናቸው። ለሳቸው ያልተነሳ ለማን ሊነሳ ነው?

አቶ ተክለጻድቅ የወንበሩን እጀታ ጨበጡ። ሰሎሜ አየቻቸው።

"ሐጂ" አሉ፣ እጃቸውን ከእጀታው እያነሱ። "ይቅር ይበሉኝ። ዛሬ አልነሳልዎትም።"

ሐጂ ቲጃኒ በሩ ላይ ትንሽ ቆሙ። ከዚያ ከዘራቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ቀረቡና ጎንበስ ብለው ግንባራቸውን ሳሙ።

"ታኢ፣ ተቀመጥ፣ ያ ተክሌ" አሉ፣ ኦሮምኛ ቀላቅለው። "ያኔ ሾርባ ሳጠጣህም ተኝተህ ነበር። መቼ ተቀየምኩህ?"

አቶ ተክለጻድቅ እንባቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ። ከዚያም በታላቅ ሰው ፊት በዕድሜያቸው ሙሉ አድርገውት የማያውቁትን አደረጉ፤ ቁስለኛ እግራቸውን ዘርግተው በርጩማው ላይ አኖሩ።

"ነይ ልጄ፣ እሰሪልኝ" አሉ።