ከትሪው ላይ የጠፋው ምልክት

ፈትለወርቅ ጭረት አትወድም። ሌላው ሰው የቤት ዕቃው ሲያረጅ ዝም ብሎ ያያል፤ እሷ ግን ማን እንደጫረው፣ በምን እንደጫረው፣ ምን አጣድፎት እንደሆነ ሳታውቅ እንቅልፍ አይወስዳትም። መካነ ኢየሱስ ከተማ በፊዚክስ መምህርነት ከመጣች ሦስት ዓመቷ ነው። ባሏ ደምሌ የግብርና ባለሙያ ስለሆነ ሳምንቱን በየቀበሌው ሲዞር ይከርማል። እሷም የተማሪ ደብተር አርማ ስትጨርስ ከመስታወት ጠረጴዛዋና ከማንቆርቆሪያዋ ጋር ትሟገታለች።

ባለፈው ዓመት በስልኳ አንድ ቪዲዮ አየች። አንድ ሰው መልኩ የጠፋ የብረት ሳህን ላይ ትንሽ ቅባት ጠብ አድርጎ ሲፈትገው ሳህኑ ፊት የሚያሳይ መስታወት ሆነ። ቅባቱ ውስጥ ያለው የአልማዝ ዱቄት ነው አሉ። ወዲያው በቴሌግራም አዘዘች፤ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ መጣላት። መርፌ መውጊያ የሚመስሉ አራት ቱቦዎች ናቸው፤ እያንዳንዱ ላይ ቁጥር ተጽፎበታል። ቁጥሩ ትልቅ የሆነው ሻካራ ነው፤ ጭረቱን የሚበላው እሱ ነው። ትንንሾቹ ደግሞ ተራ በተራ ያለሰልሳሉ። ከአንዱ ወደ ሌላው ሲታለፍ ዕቃውን አጥቦ፣ ጨርቁን ለውጦ ነው፤ ከሻካራው አንዲት ቅንጣት ከተረፈች ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ነው።

የሰፈሩ ሴቶች መጀመሪያ ሳቁባት። «አልማዝ ለጣት ነው እንጂ ለማንቆርቆሪያ ነው እንዴ?» አሉ። ጠረጴዛዋን ካዩ በኋላ ግን ሳቁን ትተው ድስታቸውን ይዘው መጡ። «የመምህርቷ ቅባት» የሚል ስምም ወጣለት። ፈትለወርቅ ደስ አላት፤ እውነቱን እንናገር ካልን፣ ኮራም ብላ ነበር።

በዚያ ሰፈር ለተዝካርም ለሠርግም ዕቃ የሚሰበሰበው ከየቤቱ ነው። ሲመለስ እንዳይቀያየር ሁሉም የየራሱን ምልክት ያደርጋል። አንዷ ጥፍር ቀለም ትቀባለች፣ አንዷ ክር ታስራለች፣ የሚበዛው ግን በምስማር ይጭራል። ደምሌም «የኛም ትሪ ላይ አንድ ነገር አድርጊበት» ብሏት ነበር።

«አዲስ ትሪ በምስማር ልጫር? ጤነኛ ነህ?» አለችው።

የእትዬ እጅጋየሁ ባል የአለቃ ኃይለ ሚካኤል ተዝካር ሐሙስ ዕለት ወጣ። ፈትለወርቅም ያንን ምልክት የሌለው ትልቅ ትሪዋን አውሳ ነበርና ቅዳሜ ጠዋት ዘርፌ ይዛላት መጣች። ዘርፌ በየድግሱ ዕቃ እያጠበች የምትኖር ሴት ናት። ባል የላትም፣ መሬት የላትም፤ እንጀራዋ ሰው አምኖ ጓዳው ማስገባቱ ነው።

«መምህርት፣ ይኸ ያንቺ ይመስለኛል። መጠኑም እሱው ነው» ብላ አስረከበቻት።

ፈትለወርቅ ትሪውን ብርሃን ላይ አውጥታ ስታየው ደሟ ፈላ። አንድ ዓመት ያልሞላው ትሪ በሁለት ቀን ድግስ እንዲህ ይሆናል? በሽቦ ፈትገውታል፣ በቢላ ከትፈውበታል፤ ጠርዙ ላይማ ሦስት ጥልቅ ሰረዞች አሉ፣ በላያቸውም አንድ አግድም። «የሰው ዕቃ ሲሆን ማንን ይቆጨዋል!» እያለች ሻካራውን ቱቦ አነሣች። የላይ የላዩ ጭረት ቶሎ ለቀቀ። ጠርዙ ላይ ያሉት ግን እምቢ አሉ። አውራ ጣቷ ውኃ እስኪቋጥር ፈተገች፤ አጠበች፣ ጨርቅ ለወጠች፣ እንደገና ፈተገች። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ትሪው ላይ የራሷን ፊት አየችና ፈገግ አለች።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሴቶቹ የተረፈውን ዕቃ ለመለየት እትዬ እጅጋየሁ ቤት ተሰበሰቡ። መጨረሻ ላይ ባለቤት ያጣ አንድ ትሪ ቀረ። አዲስ ነው፣ ምልክት የለውም። ፈትለወርቅ ገና ስታየው አወቀችው። «የኔ ነው» ልትል አፏን ስትከፍት እትዬ አዜብ ቀደሟት።

«የኔ ትሪ የት አለ?» አሉ። እትዬ አዜብ የእድሩ ሴቶች ሰብሳቢ ናቸው፤ እሳቸው የተናገሩት ሰፈሩን ሳይዞር አያድርም። «ሦስት ሰረዝ፣ በላዩ አንድ አግድም አለበት። ባሌ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በገዛ እጁ የጫረልኝ ነው።»

ፈትለወርቅ የከፈተችውን አፍ ዘጋችው።

«ዕቃውን ያጠበው ማነው? ዘርፌ አይደለችም?» አሉ እትዬ አዜብ።

ዘርፌ በር ላይ ቆማ ነበር። እጇን ቀሚሷ ላይ አደራረቀችና ፈትለወርቅን አየቻት። ሌላ ሰው አላየችም፤ እሷን ብቻ ነው ያየችው። ትሪውን የት እንዳደረሰች ገብቷታል። ፈትለወርቅ የጫማዋን ጫፍ አየች። የሰው ምልክት ፈትጎ የሚያጠፋ ማነው? ሌባ ነው። ነገ ተማሪዎቿ ፊት እንዴት ትቁም?

«እመብርሃንን! የሰው ዕቃ ቤቴ አላስገባሁም» አለች ዘርፌ።

«መሐላማ ይቀላል» አሉ እትዬ አዜብ። «ለልጄ ሠርግ ሌላ አጣቢ እንፈልጋለን።»

ፈትለወርቅ ትሪዋን እዚያው ትታ ባዶ እጇን ወጣች።

ሰኞ ወሬው ውኃ ቦኖው ላይ ደረሰ። ዘርፌ ጀሪካኗን ስታስቀምጥ ሴቶቹ የየራሳቸውን ራቅ ራቅ እንዳደረጉ አንዲት ጎረቤት ስትነግራት፣ ፈትለወርቅ «እንዴ!» ብቻ አለች። ደግሞም የተገረመች መሰለች፤ በዚህች «እንዴ» ለብዙ ጊዜ ራሷን ስትጸየፍ ኖራለች።

ማክሰኞ በሯን ዘግታ ምስማር አነሣች። ጭረት የማትወደው ሴት በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ልትጭር ተቀመጠች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አግድም። ምስማሩ አዳለጣትና አግድሙ ተንሻፈፈ። እንደ መስታወት በሚያበራው ብረት ላይ አዲሱ ጭረት ነጭ ሆኖ አፈጠጠባት። ቢሆንም ረቡዕ ከሥራ መልስ ትሪውን በጋቢ ሸፍና እትዬ እጅጋየሁን ልትጠይቅ ሄደች። እሳቸው ወደ ደጅ ወጣ ሲሉም ጓዳ ገብታ ከእንስራዎቹ ጀርባ ወሸቀችው።

ሐሙስ እትዬ እጅጋየሁ ቤት ጠሯት። ስትደርስ ሴቶቹ ተሰብስበው፣ እትዬ አዜብ ከእንስራዎቹ ጀርባ የተገኘውን ትሪ ጭናቸው ላይ አስቀምጠዋል፤ ዘርፌም ተጠርታ ቆማለች።

«ይኸ የባሌ እጅ አይደለም» አሉ እትዬ አዜብ ጭረቱን በጣታቸው እየዳሰሱ። «እንዲህ የሚያበራ ብረት ደግሞ ካንቺ ቤት ካልሆነ ከየትም አይወጣም። አንቺ ምን ታውቂያለሽ ልጄ፤ ሰው ሲያመጣልሽ ትሠሪያለሽ። ይቺ ምልክቱን አስጠፍታ ልትሸጠው ነበር፤ ነገር ሲመጣባት እንደገና ጭራ መለሰችው። እስቲ ንገሪን፣ ዘርፌ ናት ያመጣችልሽ?»

አዎ ብትል ውሸት እንኳ አይሆንም። ያመጣችላት ዘርፌ ናት። አንዲት ቃል ናት፤ ከዚያ በኋላ ማንም ምንም አይጠይቃትም። ፈትለወርቅ ቃሏን አፏ ውስጥ አገላበጠቻት።

«እሷ ናት» አለች። ዘርፌ ዓይኗን ጨፈነች። «ግን የኔ መስሏት ነው ያመጣችልኝ። እኔም የኔ መስሎኝ ነው የፈተግሁት። ስህተቱ የኔ ነው። ይኸንንም የጫርሁት እኔ ነኝ፣ ምልክቱን ልመልስልዎት ብዬ።»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። «ውይ፣ ልጄን! በዚህች ነው እንዲህ የምትጨነቂው?» አሉ እትዬ አዜብ። እትዬ እጅጋየሁ እሑድ የቀረውን የራሷን ትሪ ከጓዳ አምጥተው ሰጧት፤ ጀርባዋን መታ መታ አደረጓት። ከመቼ ጀምሮ እንደምታውቅ የጠየቃት የለም። መምህርት ናት፤ መምህርት ትሳሳታለች እንጂ አትሰርቅም። ለዘርፌ ግን አንዲት ቃል የተናገረ ሰው አልነበረም። ቆማ ቆማ ብቻዋን ወጣች።

ፈትለወርቅ ሮጣ አጥሩ ጋ ደረሰችባት። «እትዬ ዘርፌ፣ ይቅር በይኝ» አለቻት። እስከዚያ ቀን እትዬ ብላት አታውቅም፤ አሁን ስትላት ራሷን አሳፈራት።

«እሑድ አውቀሽ ነበር» አለች ዘርፌ።

«አውቄ ነበር።»

«አሁን ትናገራለች፣ አሁን ትናገራለች ብዬ ጠበቅሁሽ።»

«ለምን ራስሽ አልተናገርሽም?»

«ማን ያምነኛል? ካንቺና ከኔ?» ዘርፌ አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻል ነበር። «ይቅር ማለቱን እግዜር ያውቃል። ግን ስሜ የጠፋው እዚህ ቤት አይደለም፣ ቦኖው ላይ ነው። ልትመልሺልኝ ከፈለግሽ እዚያ ነይ።»

ፈትለወርቅ በማግስቱ ጀሪካን ሳትይዝ ቦኖው ድረስ ሄደች። ወደ ሃያ የሚሆኑ ሴቶች ተሰልፈዋል። ዘርፌ መጨረሻ ላይ ናት፤ ከፊቷ ያለችው ሴት ሁለት ክንድ ያህል ርቃ ቆማለች።

«እንደምን አደራችሁ» አለች ፈትለወርቅ። «የእትዬ አዜብ ትሪ በስህተት እኔ ቤት ነበር።»

«ሰምተናል መምህርት፣ ያጋጥማል» አለች አንዷ ቧንቧውን እያጠበቀች። ሌሎቹም ራሳቸውን ነቀነቁላት። እዚህ ላይ ብታበቃ ሁሉም በደግ ይሸኟታል፤ ዘርፌ ግን አሁንም ታያት ነበር።

«እሑድ ዘርፌ ስትከሰስ ትሪው የት እንዳለ አውቅ ነበር» አለች። ድምፅዋ ለራሷም አልተሰማትም። «እያወቅሁ ዝም አልሁ።»

ቅርብ ያሉት ወሬያቸውን አቋረጡ። ራቅ ብለው የነበሩ አንዲት አሮጊት ጆሯቸውን በእጃቸው ደግፈው፣ «ምን አለች? ምን አለች መምህርቷ?» ሲሉ ጠየቁ። ሁሉም ወደ ፈትለወርቅ ዞሩ።

እሷም ፊቷ እንደ ፍም ቀልቶ፣ ጮክ ብላ፣ ከመጀመሪያው ጀምራ ደገመችላቸው።