በደቂቃ ሰባት ጠብታ

ሰፈሩ «እጥፍ» ይለኛል፤ ሁለት አይጥ ካየሁ አራት ስለምል ነው። አንድ ጊዜ የምሠራበት ቦታ አየር መጭመቂያ ኮምፕሬሰር ፈንድቶ ከነወንበሬ ጣሪያ ላይ አስቀመጠኝ፣ ምሳዬንም እዚያው ሆኜ በላሁ ብዬ አወራሁ። ጣሪያውን ሊያዩ የመጡ ሰዎች ነበሩ። አላመኑኝም፣ ግን መጡ። ውሸታም የሚኖረው በዚህ ነው፤ ሰው ሳያምነው ይሰማዋል። ጉዱ የፈላው ያመነኝ ሰው የተገኘ ቀን ነው።

ያመኑኝ አማቴ ናቸው። አርባ ዓመት ፍሬዛ ማሽን ላይ ቆመው ብረት የቆረጡ ሰው። የምሠራበት ወርክሾፕ የእሳቸው ነው፣ የምንኖርበት ቤት የእሳቸው ነው፣ ሚስቴም የእሳቸው ልጅ ናት፤ ወዴትም ብሸሽ የምደርሰው እሳቸው ዘንድ ነው። የሚሠሩት ለሰው ሠራሽ እግር የሚሆን የጉልበት መጋጠሚያ ነው፣ ከታይታኒየም። ታይታኒየም ቀላልና ጠንካራ ነው፣ ግን ቂመኛ። ሲቆረጥ ሙቀቱን ወደ ራሱ አይወስድም፣ መቁረጫው ጥርስ ላይ ይከምረዋል። ስለዚህ ሰው ሁሉ ሲቆርጠው የማቀዝቀዣ ውሃ እንደ ክረምት ጎርፍ ይለቅበታል። ያ ውሃ በውስጡ ብዙ ነገር የተበጠበጠበት ነውና የአማቴን እጅ በላው። ቆዳቸው እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጠቀ። ሐኪሙም «ወይ ውሃውን ወይ እጅዎን ይምረጡ» አላቸው።

እጃቸውን መርጠው ቤት ዋሉ። አራት ወር። ቤት የዋለ ብረት ቆራጭ አይታችሁ ታውቁ እንደሆነ አላውቅም። ካሊፐራቸውን ይዘው የዳቦ ቁራሽ ውፍረት ይለካሉ። «ይሄኛው በሁለት ሚሊ ያንሳል» ይላሉ። ባለቤታቸው ቢመርራቸው ካሊፐሩን የዱቄት ጣሳ ውስጥ ቀበሩት። ከዚያ ወዲያ አማቴ ሥራቸው መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው በጨርቅ የተጠቀለለ እጃቸውን ማየት ብቻ ሆነ። አንድ ቀን ምሳ ላይ ያ ዝምታ አላስውጥ ቢለኝ አፌን ከፈትኩ።

«እኔ በፊት የሠራሁበት ቦታ እኮ ታይታኒየም የምንቆርጠው ያለ ውሃ ነበር። በአየር የተረጨ ዘይት። በደቂቃ ሰባት ጠብታ፤ ከትንኝ እንባ አይበልጥም።»

ጨርሶ ውሸት አይደለም። እንዲህ ያለ አሠራር አለ፣ አንድ ዕቃ ሻጭ ሲያወራ ሰምቻለሁ። ውሸቱ «እኔ» እና «ሰባት» ላይ ነው።

ሚስቴ ከጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠችኝ። አማቴ ማንኪያቸውን አስቀመጡ።

«ሰባት?»

«ሰባት።»

«ስምንት ቢሆንስ?»

«ስምንት ያጨሰዋል።»

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ፤ የኔው እያደር ከበደ። በሳምንቱ አንድ ጠዋት ወርክሾፕ ስገባ የማቀዝቀዣው ውሃ ጋን የለም። ለጎረቤታችን ለጎማ ጠጋኙ ሰጥተውታል፤ የተበሳ ጎማ ይነክርበታል። በቦታው የዘይት መርጫ ተገጥሟል፣ ከእሱም ቀጭን የመዳብ ቱቦ ወጥቶ ማሽኑ ላይ አንገቱን ቀልሷል። ግድግዳው ላይ በጠመኔ «በደቂቃ 7» ተጽፏል። ብረት ነክሶ በሚይዘው ሞርሳ ላይ አንድ ጥርብ ታይታኒየም ታስሯል። ሌላ የለም።

«ይሄ ዛሬ በደህና ከወጣ፣ ነገ እኔ ራሴ ማሽኔ ላይ እቆማለሁ» አሉ አማቴ። «ካልወጣ ማሽኑን የሚወስድ ሰው አግኝቻለሁ። እያየሁት ቤት መቀመጥ አልችልም።»

ከዚያ በሩን ዘጉት፤ ነፋስ የዘይቱን ጉም እንዳይወስደው። ወንበራቸውን በሩ ላይ አስደግፈው ተቀመጡ። አጠገባቸው ደረቅ አሸዋ የሞላ ባልዲ አለ፤ የታይታኒየም ፍቅፋቂ እሳት ከያዘው ውሃ ያብስበታል እንጂ አያጠፋውም። መስኮቱ የብረት ፍርግርግ አለው፣ እሱንም የበየድኩት እኔ ነኝ።

«አባባ፣ እስቲ አንዴ ወጣ ብዬ…»

«ሰባት ሰዓት ሙሉ ከቦታህ ሳትነቃነቅ ትቆርጥ ነበር አላልክም?»

ብያለሁ። ማሽኑን አስነሳሁ።

የመጀመሪያው አሥር ደቂቃ እኔንም ደነቀኝ። ዘይቱ እንደ ማለዳ ትንፋሽ ይወጣል፣ መቁረጫው ይሄዳል። እንዲያውም ስለ አንድ የሚያነክስ ዝሆን ሰው ሠራሽ እግር ወሬ ጀምሬ ነበር። ዝሆኑ እግሩን ሳይለካ የማሽኑ ድምፅ ተለወጠ። ድመት ጅራቷን በር ሲይዛት የምታወጣው ድምፅ ነው። ፍቅፋቂው ሰማያዊ ሆነ፣ ቀጥሎ አንዷ ብልጭ አለች፣ ከሥር የተከመረው ሁሉ ነጭ እሳት ሆኖ ተነሣ። መቁረጫውን ወደ ላይ ሳብኩ። አማቴ በዚያ በተጠቀለለ እጃቸው ባልዲውን አንሥተው አሸዋውን ገለበጡበት።

መቁረጫውን ሳየው ጥርሱ እንደ ሽማግሌ ድድ ሆኗል። መሳቢያ ውስጥ የቀረው አንድ ነው።

«አባባ።»

«አቤት።»

«እኔ ይሄን ነገር ቆርጬ አላውቅም።»

«ጀመረህ ደግሞ» አሉ ፈገግ ብለው። «ፈርተህ ነው።»

«ፈርቼም ነው፣ እውነትም ነው።»

ፊቴን ሲያዩ ፈገግታው ወረደ። «ሰባቱስ?»

«የዚያን ቀን ምሳ ሳህኑ ላይ ሰባት ቁራሽ ዳቦ ነበር።»

እጃቸውን ገልብጠው አዩት፣ ወደ ነበረበትም መለሱት። ቢሰድቡኝ በወደድኩ። ተነሡና ወንበራቸውን ከበሩ ላይ አነሡ። ከጠዋት ጀምሮ ስመኘው የነበረው በር ባዶ ሆነ፤ መዝጊያውን ገፋ ማድረግ ብቻ ነው። እሳቸው ግን ወንበሩን እየጎተቱ መጥተው ማሽኑ አጠገብ ተቀመጡ፣ ዓይናቸውንም ጨፈኑ። እግሬ እምቢ አለኝ። የተዘጋ በር እንደዚያ ክፍት በር አይዝም።

«አዲሱን መቁረጫ እሰር» አሉ። «ፍጥነቱን በግማሽ አውርደው።»

«በግማሽ?»

«በግማሽ። ለአንተ ይከብድሃል፣ አውቃለሁ።»

አወረድኩ።

«ቱቦው ወዴት ነው የሚያየው?»

«ወደ ብረቱ።»

«ብረቱ አልጠማውም። ወደ ጥርሱ አዙረው፣ ከኋላ በኩል። አየሩንም ጨምር። ያቃጠለን የወደቀውን ፍቅፋቂ መልሰን ስንቆርጠው ነው፤ ይብረርልን።»

ጠብታውን አሥራ ሁለት አደረስነው። ብረቱ ላይ ወደምቆፍረው ጉድጓድ ጥግ ስደርስ እንደ ልማዴ ቀስ አልኩ።

«አታስልሰው» አሉ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። «ብረቱ ሲላስ ይጠነክራል። ንከስና እለፍ።»

ከዚያ በኋላ አንድም ወሬ አላወራሁም። እሳቸው በጆሯቸው ያያሉ፣ እኔ በእጄ እታዘዛለሁ። ወገቤ ተቆረጠ። ሽንቴ የት እንደ ገባ አላውቅም። በሩ እዚያው ነበር። ስምንት ሰዓት ላይ ሚስቴ ምሳ ይዛ ብቅ አለች፣ አየችንና ምሳውን ይዛ ተመለሰች። አሥር ሰዓት ሲል መጋጠሚያው ከሞርሳው ወጣ። ስንጠራት ሚስቴ ካሊፐሩን ከዱቄት ጣሳው አውጥታ እየሮጠች አመጣችው። አማቴ እፍ ሲሉበት ነጭ ሆኑ። ለኩ፣ ደግመው ለኩ።

«ልክ ነው» አሉ። መጠቅለያውን ፈትተው እጃቸውን አዩት። ውሃ አልነካውም፣ የዘይቱ ጉምም አላቃጠለውም። «ነገ እኔ እቆማለሁ። አንተ በሩ ላይ ባልዲው ጋ ትቀመጣለህ።»

ግድግዳው ላይ ያለውን 7 በክርናቸው ጠረጉት። በቦታው ምንም አልጻፉም።

ይሄን ጊዜ ጎማ ጠጋኙ መጣ። በሩን ሞልቶ የሚቆም ሰው ነው፣ ወሬ ሲነግሩት በአንድ ሰዓት ውስጥ ሰፈር ያዳርሳል። መጋጠሚያውን አገላብጦ አየ።

«ያለ ውሃ ነው ይሄ?»

«ያለ ውሃ» አሉ አማቴ።

«በስንት ጠብታ?»

«በደቂቃ ሦስት» አሉ፣ ዓይናቸውን በጨው ታጥበው።

«ሦስት! ነገ ጠዋት ብረት ቆራጮቹን ሁሉ ይዤ መጥቼ ካላየሁ።»

አማቴ ወደ እኔ ዞሩ። ልጃቸውን ባገባሁ በስድስት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ጠርተውኝ በማያውቁት ጠሩኝ። «አይደለም እንዴ፣ ልጄ?»

ጎማ ጠጋኙ በሩ ላይ እንደ ቆመ ነው። በአጠገቡ ሊያሳልፍ የሚችል ክፍተት ፈለግሁ፣ የለም።

«ሦስተኛዋ እንኳ ግማሽ ነበረች» አልኩ።