ከዣንጥላው ሥር የወጣችው

የዲዛይን ክፍሉ ፕሮጀክት ለአንድ ድርጅት ሎጎ መሥራት ነበር። ሌላው ተማሪ ዳቦ ቤትና ጋራዥ ሲያማርጥ፣ እታለም ዓይኗን ሳታሽ የልብ ሕሙማን ሕፃናት ማኅበሩን መረጠች። ለምን ቢባል፣ ታናሽ እህቷ ሚጢጢ ልቧን ታማ እዚያ ትመላለሳለቻ። እታለም ብላ የሰየመቻትም እሷው ናት፤ ዋናው ስም ሌላ ነው፣ ግን በሚጢጢ አፍ ሲያምር ጊዜ ቤቱ ሁሉ በዚያው ቀረ።

ሞዴሏም ሚጢጢ ሆነች። አልጋ ላይ ቆማ፣ የእማዬ ዣንጥላ ሥር ገብታ፣ የእታለምን ቀሚስ ጭምድድ አድርጋ። አትነቃነቂ ሲሏት ይብስባታል፤ አፍንጫዬን አሳንሺው፣ ፀጉሬን አስረዝሚልኝ ስትል ዋለች። ሥዕሉ ሲያልቅ ትልቋ ዣንጥላ ይዛ፣ ትንሿ ሥሯ ተለጥፋ፣ ቁርጥ እነሱን። የሚጢጢ አፍ መች ሊያርፍ፤ ማኅበሩ በር ላይ የምሰቀለው እኔ ነኝ ብላ ለማኅበሩ ልጆች ሁሉ ለፈፈች።

ቲቸር ግን ሥራውን በማኅተም ልክ አሳንሶ አተመውና ትንሿን በጣቱ ነካ አደረጋት። ይቺ ቀለም የፈሰሰ ነው የምትመስለው አለ። ሎጎ ሲያንስ የሚጠፋ ነገር መጀመሪያውኑም አያስፈልግም፣ አውጫት። እህቴ እኮ ናት የሚለው ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ክፍሉ በሙሉ ያያታል፣ ማኅበሩ የሚመርጠውም አንድ ሥራ ብቻ ነው። ዋጥ አደረገችው። ሚጢጢን በማውሱ ያዝ አድርጋ አጠፋቻት። እቤት ገብታም ትንፍሽ አላለች፤ ላይመረጥም ይችላል እኮ እያለች ራሷን ሸነገለች።

ተመረጠ።

የተሰቀለ ዕለት ሚጢጢ የክት ቀሚሷን ለብሳ እየጎተተች ወሰደቻት። በሩ ጋ ደርሳ አንጋጠጠች። ዣንጥላ የያዘች አንዲት ልጅ፣ ሥሯ ባዶ።

"እታለም፣ እኔስ?"

እታለም ስለ ማኅተሙ፣ ስለ ማሳነሱ ልታስረዳ ጀመረች። ይኼኔ የማኅበሩ ልጆች ግር ብለው መጡ፤ አንዱ አፈኛ ሚጢጢን፣ ቀጣፊ፣ የታለሽ ታዲያ ብሎ ሳቀባት። እታለም መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

ሚጢጢ ግን ፈጠን ብላ፣ "ከኋላዋ ነኛ፤ ዝናብ ስለሆነ ተሸጉጬ ነው" አለች።

ልጆቹ አመኗት።

ሲመለሱ ሚጢጢ የእታለምን እጅ ሳትይዝ ተራመደች። ሲደክማትም እንደ ወትሮዋ እዘይኝ አላለችም፤ ግንብ ተደግፋ ትንፋሿን ትሰበስባለች፣ ትቀጥላለች። እታለም ጀርባዋን ሰጥታ በርከክ አለችላት።

"እችላለሁ" አለች ሚጢጢ፣ በጎኗ እያለፈች።