ፍላሹን አጥፊው

አባቴ ፍስሐ ሁልጊዜ ፎቶ የሚያነሳው ፀሐይን ፊት ለፊት እያየ ነበር። በየዓመቱ ፋሲካ ባለፈ ሳምንት፣ የተጋቡበትን ቀን ለማክበር እናቴን ይዞ ሊቶኒያ ከተማ ካለው ቤታችን ብዙም ወደማይርቀው የአለት ኮረብታ ይሄዳል። ጫፉ ላይ ካሜራውን በትራይፖድ ያቆማል፣ ታይመሩን ይሞላል፣ ከዚያ እናቴ አጠገብ ለመድረስ ይሮጣል። ውጤቱ ሁሌም አንድ ነው። ሰማዩ ብርቱካንማ፣ ከታች ያለው የሣር ሜዳ ወርቃማ፣ ሁለቱ ሰዎች ከሰል። እሱማ ቆሞ የተነሳበት ጊዜ የለም፤ አንድ እግሩ አየር ላይ ነው።

እኔ ሳንዲ ስፕሪንግስ ከተማ ባለ ሆስፒታል ላብራቶሪ ውስጥ ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሼ ስለምውል፣ ብርሃን ከየት እንደሚመጣ ሳላይ ሌላ ነገር አላይም።

«አባዬ፣ ፀሐይዋን ከኋላህ አድርጋት» እለዋለሁ።

«ከኋላዬ ካደረግኳትማ ምን ላነሳ ወጣሁ?» ይለኛል።

ፎቶዎቹ ሳሎን ግድግዳ ላይ ተደርድረዋል። አባዬ ባለፈው ጥቅምት አረፈ። ፋሲካ ሲያልፍ እናቴ ተናኘወርቅ ከመጨረሻው ፎቶ ቀጥሎ ያለውን ባዶ ግድግዳ በእጇ ስትዳብስ አገኘኋት።

«ሉሊት፣ ዘንድሮም መነሳት አለበት» አለች። «ሰማዩ ብቻ ግን። እኔ አልገባም።»

«ለምን?»

«በከል ፎቶ ይነሳል እንዴ? ሙት ዓመቱ እንኳ ሳይደርስ! ደጊቱ መጥታ ግድግዳው ላይ ብታየኝ ምን ትላለች?»

ደጊቱ ጎረቤታችን ናት። ለቅሶውን ሙሉ ከቤታችን አልጠፋችም፤ ማን ምን ለብሶ እንደመጣም አልጠፋትም።

እኔ ግን ፈራሁ። እናቴ ከቀብሩ ወዲህ ከሁሉም ነገር ጠርዝ ጠርዙን ይዛለች። ማዕድ ላይ ዳር ትቀመጣለች፤ ከቤተ ክርስቲያን ሰው ሳያናግራት ቀድማ ትወጣለች። ከዚህ ግድግዳም አንዴ ከወጣች የምትመለስ አልመሰለኝም። ስለዚህ ፊቷን የሚያደምቅ ፍላሽ ገዛሁ፤ ከከሉ ላይ የምትደርበው ነጭ ነጠላም ቦርሳዬ ውስጥ ደበቅኩ።

ከታች ፓርክ አድርገን መንገዱን ለማሳየት በተከመሩት ድንጋዮች እየተመራን ወጣን። አለቱ ላይ ውሃ ባቆሩት ጎድጓዶች ዙሪያ ቀያይ ጥቃቅን ተክሎች ወጥተዋል። እናቴ ጥቁር ቀሚሷን በአንድ እጇ ሰብስባ ከፊቴ ትሄዳለች። ጫፉ ላይ ስንደርስ አንድ ስንጥቅ በጫማዋ ነካች።

«አባትሽ የትራይፖዱን አንድ እግር እዚህ ነው የሚያስገባው» አለች።

አስገባሁት፤ ልክ ገባ። ፍላሹን ስሞክር አለቱ ቦግ አለ።

«ምንድነው እሱ?»

«ፍላሽ ነው። ምናልባት ከገባሽ ፊትሽ እንዲታይ። ነጠላም ይዤልሻለሁ።»

«አልገባም አልኩ እኮ! ደግሞ ነጠላ ደርቤ ማንን ላታልል ነው?»

ሰማዩን ብቻ አንስቼ አሳየኋት። ሰማዩ ጥሩ ነበር፤ ሜዳውም። እናቴ ግን ብዙም አላየችው።

«እስቲ ያምናውን አሳዪኝ።»

ስልኬ ላይ አውጥቼ ሰጠኋት። በሁለት ጣቷ አሰፋችው።

«ምን ለብሼ ነበር?»

«ያንን ቢጫ ቀሚስ።»

«የታለ ታዲያ ቢጫው?» ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠጋች። ከዚያ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። አለቀሰች ብዬ ልይዛት ስል እየሳቀች ነው። «ወይ ይሄ ሰውዬ! በየዓመቱ ከል ሲያለብሰኝ ኖሯል እኮ! እሱም ለብሷል!»

ዓይኗን በመዳፏ ጠርጋ ሄደችና የድሮ ቦታዋ ላይ ቆመች። በግራዋ አንድ ሰው የሚበቃ ቦታ ትታለች።

«ፍላሹን አጥፊው።»

«ፊትሽ አይታይም እኮ፣ እማዬ።»

«አይታይ። እሱ እንደሚያነሳኝ አንሺኝ።»

አጠፋሁት። ፀሐይዋ ከሜዳው ማዶ ያለውን ጫካ ነክታለች። ልጫን ስል እናቴ ጮኸች፤

«ብቻዬን ልታቆሚኝ ነው? ታይመሩን ሙዪውና ነይ እንጂ!»

ርቀቱን በዓይኔ ለክቼዋለሁ፤ ረጋ ብዬ ብራመድ እደርሳለሁ። እናቴ ግን አባዬን በምትጠራበት በዚያ ድምፅ «ሩጥ! ሩጥ!» አለች። እኔም ሮጥኩ።

ፎቶውን በሰቀልነው ሰሞን ደጊቱ መጣች። ግድግዳው ስር ቆማ፣ መነጽሯን ከፍ ዝቅ እያደረገች አየችው። እናቴ ከጎኗ ቆመች።

«ሁሉም እንዴት ያምራሉ» አለች ደጊቱ። ከዚያ ጫፍ ላይ ባለው አዲሱ ፎቶ፣ አንድ እግሩን አየር ላይ አድርጎ ወደ እናቴ በሚሮጠው ጥቁር ጥላ ላይ ጣቷን አሳረፈች። «ፍስሐዬ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አንድ ቀን እንኳ ቆሞ ሳይነሳ!»

እናቴ አየችኝ። አላረምናትም።